ታንኳውን ተከራዩ፣ አልጋውን ስፉት

ስለ ታንኳ ጉዞ ሲነሳ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ ሁሌም ስለ ውሃው ነው። ይገለበጣል ወይ? ዋና የማይችል ሰው ይሄዳል ወይ? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እመለስበታለሁ። ዕቃ ወደ መምረጡ ስንመጣ ግን ነገሩን የሚወስነው ውሃው አይደለም። የሚወስነው በአንዱ ሐይቅና በሌላው መካከል ያለው ደረቅ መሬት ነው።

ብዙ ሐበሻ ከሚኖርባቸው ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል ተነስታችሁ ወደ ሰሜን አራት ሰዓት ያህል ብትነዱ ኢሊ የምትባል ትንሽ ከተማ ትደርሳላችሁ። ከእሷ ወዲያ እስከ ካናዳ ድንበር የተዘረጋው ባውንደሪ ዋተርስ የሚባል ጥብቅ ደን ነው። ከ4,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፣ ከ1,100 በላይ ሐይቆች አሉት፣ በአብዛኛው ሞተር አይገባበትም። አንዱ ሐይቅ ሲያልቅ ታንኳችሁን ከውሃ ታወጡና ገልብጣችሁ በትከሻችሁ ተሸክማችሁ፣ በጫካው የእግር መንገድ ወደ ቀጣዩ ሐይቅ ትሻገራላችሁ። ፖርቴጅ ይሉታል። ርዝመቱን የሚለኩት በሜትርም በማይልም ሳይሆን ሮድ በሚባል የድሮ መለኪያ ነው፤ አንድ ሮድ አምስት ሜትር ገደማ፣ ማለትም የአንድ ታንኳ ቁመት ያህል ነው። ካርታው ላይ 20 ሮድ የሚል ካያችሁ ሳትደክሙ ታልፉታላችሁ። 180 ሮድ ካያችሁ ግን ቁርሳችሁን በደንብ ብሉ፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ዕቃው በአንድ ጊዜ ካላለቀ ተመልሳችሁ መጥታችሁ ቀሪውን ስለምትወስዱ ያው መንገድ ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ውሃ ላይ እንዴት ነው?" ብላችሁ ሳይሆን "ትከሻዬ ላይ እንዴት ነው?" ብላችሁ ይሁን። ቀሪው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ከታንኳው እንጀምር። የአካባቢው ነባር ሕዝብ ኦጂብዌዎች የበርች ዛፍ ቅርፊት በስፕሩስ ሥር እየሰፉ፣ ውስጡን በቀጫጭን የሴዳር እንጨት እየወጠሩ፣ ስፌቱን በዛፍ ሙጫ እየደፈኑ ይሠሩት ነበር። ዛሬም የሚሠሩ አሉ። ጣና ዳር ያደገ ሰው የደንገል ታንኳን ያስታውሳል፤ ሲደርቅ ቀላል ነው፣ ሲጠቀሙበት ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ስለዚህ ከሐይቁ ሲወጣ ዳር ላይ አቁመው ያደርቁታል። እዚያም እዚህም ባለታንኳውን ሲያስጨንቅ የኖረው ክብደት ነው።

በ1944 (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንብቡልኝ) ግሩማን በሚባለው የአውሮፕላን ኩባንያ የሚሠራ ዊልያም ሆፍማን የሚባል ሰው በሸራ የተለበጠ ከባድ የእንጨት ታንኳ ሲሸከም መረረውና ለጦር አውሮፕላን የሚሆነው አሉሚኒየም ለታንኳስ ለምን አይሆንም ብሎ አሰበ። ከጦርነቱ በኋላ የግሩማን ታንኳ በየሐይቁ ታየ። አምስት ሜትር ከምናምን የሚረዝመው ለሁለት ሰው የሚሆነው 34 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ድንጋይ ሲመታው ይሰረጉዳል እንጂ አይሰበርም፤ ጩኸቱ ግን ከሐይቁ ማዶ ይሰማል። በ1965 ደግሞ ስቴፋኒ ክዎሌክ የተባለች ኬሚስት ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ሆና ኬቭላርን የወለደውን ክር አገኘች። ጥይት መከላከያ ሰደርያ የሚሠራበት ያው ጨርቅ በኢፖክሲ ማጣበቂያ ሲደርቅ ታንኳ ይሆናል፤ ከአሉሚኒየሙ የሚረዝም የሁለት ሰው ታንኳ 20 ኪሎ ገደማ ብቻ ይመዝናል። ጠንከር ያለ ሰው ብቻውን አንስቶ ትከሻው ላይ ያስቀምጠዋል።

ታዲያ ግዙ ልላችሁ አይደለም። አዲስ የኬቭላር ታንኳ ከ3,000 ዶላር በላይ ያወጣል፤ የጥቂት ቀን ኪራይ ግን የዋጋውን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ ዘግታችሁ፣ ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውን የሴዳር ስንጥቆች ጎን ለጎን በኮላ እያያያዛችሁ፣ ከላይ በፋይበርግላስ እየለበጣችሁ ራሳችሁ መሥራትም ይቻላል። የሚያምር ነገር ይወጣላችኋል። ለጀማሪ ግን ጊዜውም ቦታውም የለም። ኢሊ ውስጥ ያሉት አከራዮች ጋ ስትሄዱ ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛው መሃል ላይ ያለው ቀንበር ነው፤ አዎ፣ አንገትን አቅፎ ትከሻ ላይ የሚያርፈው እንጨት። ትከሻ የሚነካበት ቦታ ትራስ ከሌለው አስደርጉ። ሁለተኛው የሆዱ ሁኔታ ነው፤ ጭረት ችግር የለውም፣ ክሩ እስኪታይ የተላጠ ቦታ ግን ችግር አለው። ኬቭላር ታንኳ ድንጋይ ላይ አይጎተትም። እናንተ እስከ ጉልበታችሁ ውሃ ትገባላችሁ፣ ታንኳው ይንሳፈፋል፣ ዕቃው እዚያው ይጫናል፣ እዚያው ይራገፋል። ጫማ ይርሳል። ጫማዬ አይርጠብብኝ ያለ ሰው የታንኳውን ሆድ ያስከፍላል።

ውሃውን በተመለከተ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ላይፍ ጃኬት ላይ ቁጠባ የለም፤ አሮጌ አይገዛም፣ ታንኳው ውስጥ አይወረወርም፣ ይለበሳል። ሚኒሶታ ውስጥ ታንኳው እየሄደ ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ የመልበስ ግዴታ አለበት፤ አዋቂው በእጁ አጠገብ ቢኖር ሕጉ አይጠይቀውም። ቀዝቃዛ ውሃ ግን ዕድሜ አይጠይቅም። ሜይ ላይ በረዶው ገና የለቀቀው ሐይቅ ውስጥ የወደቀ ጎበዝ ዋናተኛም ትንፋሹ ይቆረጣል፣ ጣቶቹም ቶሎ አልታዘዝ ይሉታል፣ ያኔ ጃኬት ፈልጎ መልበስ አይታሰብም። ታጥቀው ሲቀዝፉ ክንድን የማይከለክል፣ ብብቱ ሰፊ የሆነውን ምረጡ።

አሁን ወደምወደው ክፍል፣ ወደ አልጋው።

በባውንደሪ ዋተርስ ማደር የሚቻለው በተወሰኑ የማደሪያ ቦታዎች ብቻ ነው፤ የብረት እሳት ማንደጃና ከጫካው ገባ ብሎ ጉድጓድ መጸዳጃ አላቸው። መሬቱ ግን አለት ነው። ከአለቱ ላይ የተረፈችው ስስ አፈር በዛፍ ሥር የተተበተበች ናት። ድንኳን የሚዘረጋበት ሜዳ ብታገኙ ዘንበል ያለ ወይም ዝናብ የሚተኛበት ነው። ዛፍ ግን ሞልቷል። ስለዚህ በሁለት ዛፍ መካከል የሚወጠር ሃሞክ፣ ተንጠልጣይ አልጋ፣ እዚህ አገር ቅንጦት ሳይሆን ብልሃት ነው። ክብደቱም ከድንኳን ያንሳል። ዋናው ደስ የሚለው ነገር ደግሞ እቤት መሥራት መቻሉ ነው፤ የሚፈልገው ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው፣ ሱሪ ማሳጠር የቻለ ሰው ሃሞክ ይሰፋል።

"ወገቤን ያጎብጠኛል" የሚል ሰው አይጠፋም። እሱ ያየው ሁለቱ ጫፎቹ ላይ እንጨት የተሰካበትን የግቢ ሃሞክ፣ ወይም ደግሞ አጭሩንና እንደ ክራር አውታር የተወጠረውን ነው። ጫፉ ተሰብስቦ የሚታሰር፣ ሦስት ሜትር ከ35 የሚረዝም ሃሞክ ላይ የሚተኙት በቁመቱ ቀጥ ብለው አይደለም። በሰያፍ ነው፤ ጭንቅላት ወደ አንዱ ጎን፣ እግር ወደ ሌላው። እንዲያ ሲሆን ጨርቁ ከሥራችሁ ጠፍጠፍ ይልና ጀርባ ይዘረጋል፣ በጎን መተኛትም ይቻላል። ለዚህ ደግሞ ሃሞኩ ላላ ማለት አለበት። ሁሉም ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቢወጠር የሚመች ይመስለዋል።

መወጠር ከምቾትም በላይ አደገኛ ነው። የገመዱ ማዘቅዘቅ ከአግድሙ መስመር 30 ዲግሪ ሲሆን 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው እያንዳንዱን ዛፍ የሚስበው በ80 ኪሎ ኃይል ነው። ገመዱን ወደ 10 ዲግሪ ብታጠብቁት ያው ሰው እያንዳንዱን ጎን በ230 ኪሎ ይስባል። በ5 ዲግሪ ወደ 460 ይጠጋል! ሰውየው አልወፈረም፤ ገመዱ ወደ ላይ የሚይዝበት አቅም እያነሰ ሄዶ ወደ ጎን በመሳብ ማካካስ ስላለበት ነው። ስፌት የሚተረተረው፣ ደረቅ ዛፍ የሚገነደሰው እንዲህ ሲሆን ነው። 30 ዲግሪን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አውራ ጣትና ሌባ ጣታችሁን ሽጉጥ እንደያዘ ሰው አድርጉና ሌባ ጣቱን አግድም ያዙት፤ ገመዱ ከአውራ ጣቱ ጫፍ ወደ ሌባ ጣቱ ጫፍ የሚወርድ ከሆነ ልክ ነው።

በየምሽቱ ከዚህ ልኬት የሚያድናችሁ አንድ ቀጭን ገመድ አለ። ከሃሞኩ አንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ከላይ በኩል ታስሩታላችሁ፤ ርዝመቱ ከሃሞኩ 83 በመቶ ያህል ነው፣ ለሦስት ሜትር ከ35ቱ ሁለት ሜትር ከ78 ይሆናል ማለት ነው። ዛፎቹ ቢራራቁም ቢቀራረቡም ያ ገመድ የሃሞኩን መላላት አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ባትሪያችሁን፣ መነጽራችሁን፣ የረጠበ ካልሲያችሁንም ትሰቅሉበታላችሁ።

በሉ ወደ ስፌቱ። ሪፕስቶፕ የሚባለውን፣ ትናንሽ ካሬዎች የተሸመኑበትን ናይለን ግዙ፤ ቢቀደድ ቀዳዳው ካሬው ላይ ይቆማል። በስኩዌር ሜትር ከ54 እስከ 64 ግራም የሚመዝነው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ሦስት ሜትር ከ65 በአንድ ሜትር ከ50 የሆነ አንድ ቁራጭ ያስፈልጋል፤ ተሰፍቶ ሲያልቅ ከ300 ግራም ብዙም አይበልጥም። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር እርጥበት ያበሰብሰዋል። አዲስ ቀጭን መርፌ ግጠሙ፤ ደነዝ መርፌ ናይለኑን ይስበዋል። ሁለቱን ረጃጅም ጎኖች በጠባቡ ሁለት ጊዜ እጠፉና ስፉ። ይህ ስፌት ክብደት አይሸከምም፣ ዘምበል ቢል ማንም አያየውም። ቁምነገሩ አጫጭሮቹ ጫፎች ላይ ነው። ጫፉን አጥፋችሁ ገመድ የሚያልፍበት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ዋሻ አውጡ፤ ሦስት ረድፍ ስፉት፣ መነሻና መድረሻው ላይ ወደ ኋላ መለስ እያላችሁ አጥብቁት። ከዚያ ጠንካራ ገመድ በዋሻው አሳልፋችሁ ጨርቁን ሽብሽብ አድርጋችሁ ስትሰበስቡት ሃሞኩ ጫፍ ያወጣል። አለቀ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ከዛፉ ጋር የሚያገናኘው ላይ ግን ተጠንቀቁ። ዛፉን የሚያቅፈው ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ተኩል ስፋት ያለው የፖሊስተር ጠፍጣፋ ማሰሪያ ነው። ቀጭን ገመድ ቅርፊቱን ይቆርጣል፤ የናይለን ማሰሪያ ደግሞ ሌሊቱን እየተሳበ ያድርና ንጋት ላይ መሬት ያስነካችኋል። ከማሰሪያው እስከ ሃሞኩ ላለው መንገድ ዳይኒማ የሚባል ክር አለ፤ ሦስት ሚሊ ሜትር የማይሞላ ውፍረት ኖሮት ከ700 ኪሎ በላይ ይሸከማል፣ ውሃ ላይም ይንሳፈፋል። የሚያስገርመው ጠባዩ በጣም ማለጡ ነው፤ ተራ ቋጠሮ ብትቋጥሩበት ይፈታል። ስለዚህ አይቋጠርም፣ ራሱ ውስጥ ይቀበራል። ገመዱ ሆዱ ባዶ የሆነ ሹሩባ ነው። ሁለቱን ጫፎች ወደ መሃል ገፋ ስታደርጉት ሹሩባው ይነፋል፤ ቀጭን ሽቦ በእጥፉ ታስገቡና የገመዱን ጭራ ይዛችሁ በሆዱ ውስጥ ትስባላችሁ። ከዚያ በጣታችሁ ወደ ጭራው አቅጣጫ ስታልቡት ሹሩባው ይጠብቅና የተቀበረውን ጨምቆ ይይዘዋል። ክብደት በጨመረ ቁጥር ጭምቁም ይጨምራል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የሠራ ሰው ለአንድ ሳምንት ያገኘውን ገመድ ሁሉ ሲያልብ ይከርማል።

ዛፍ ስትመርጡ ወደ ላይ እዩ። በጁላይ 4 ቀን 1999 ይህን ደን የመታው የነፋስ ማዕበል ከ400,000 ኤከር በላይ ጫካ ጥሏል፤ ከዚያ ወዲህም እሳትና ዕድሜ የገደላቸው ዛፎች በየማደሪያው ቆመዋል። የምታስሩበት ዛፍ ሕያው፣ ከጭን የማይቀጥን ይሁን፤ በላያችሁ የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ ቦታ ቀይሩ። በዛፎቹ መካከል አራት ሜትር ያህል ርቀት ይበቃል። ሃሞኩ ላይ ስትቀመጡ ከመሬት የወንበር ከፍታ ያህል ይኑረው፣ ከዚያ በላይ አትስቀሉት።

ቀጥሎ ብርዱ። ሃሞክ ሞክረው የሚተዉ ሰዎች የሚተዉት በዚህ ነው። ጥሩ ስሊፒንግ ባግ ገብተው፣ ላብ እስኪያጠምቃቸው ከላይ ሞቋቸው፣ ጀርባቸው ግን በረዶ ሆኖ ያድራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጋቢ ሲደረብ የሚያሞቀው ድሩና ማጉ ብቻ ሳይሆን በመደራረቡ መሃል የተያዘው አየር ነው፤ ተኝታችሁበት ስትጨፈልቁት አየሩ ይወጣል፣ የቀረው ጨርቅ ብቻ ነው። ሃሞክ ላይ ደግሞ ከሥር መሬት የለም፣ ነፋስ ነው። መፍትሔው ብርድ ልብሱን ከሃሞኩ ውጪ፣ ከሥሩ ማንጠልጠል ነው፤ እንዲያ ሲሆን ማንም አይተኛበትም።

ይህንንም መስፋት ይቻላል። የዳክዬ ለስላሳ ላባ ከሁሉም ይቀልላል፣ ከሁሉም ይሞቃል፤ ግን ሲርስ ይሞታል፣ ለመስፋትም ክፍልፍል ይፈልጋል፣ እቤት ውስጥም ላባው ለወር ይበራል። ለታንኳ ጉዞ እኔ ሰው ሠራሹን እመርጣለሁ። አንሶላ ሆኖ የሚሸጠው ክላይማሺልድ የሚባለው ረጅም ክር ስለሆነ በመሃል መሰፋት እንኳ አይፈልግም፤ በሁለት ስስ ጨርቅ መሃል አስገብታችሁ ዙሪያውን ትሰፉታላችሁ። በስኩዌር ሜትር 122 ግራም የሚመዝነው ለጁላይ ሌሊት ይበቃል፤ ለሴፕቴምበር 167ቱን ውሰዱ። በአራቱም ጎን ዋሻ አውጥታችሁ ላስቲክ ገመድ ታሳልፋላችሁ። ልኩ የሚታወቀው ተኝታችሁ ሌላ ሰው ከሥር እጁን ሲያስገባ ነው፤ ብርድ ልብሱ ጀርባችሁን መንካት አለበት፣ መጨፍለቅ ግን የለበትም። ክፍተት ካለ ነፋሱ ያገኘዋል።

ለዝናብ ከሃሞኩ በላይ የሚወጠረውን ሸራ በተመለከተ አጭር ነኝ፤ ሲሊኮን የተቀባ ፖሊስተር ግዙ። ናይለኑ ሲርስ ይለጠጣል፣ ሌሊት ተነስታችሁ ስትወጥሩ ታድራላችሁ። ሦስት ሜትር ከ30 የሚረዝም ይሁን፣ ዝናብ ካለ ከሃሞኩ በፊት እሱ ይወጠር። አንድ ትንሽ ዘዴ ልጨምር። ዝናቡ ከዛፉ ግንድ በማሰሪያው ላይ እየተንሸራተተ አልጋችሁ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ከሸራው ጥላ ሥር፣ ከሃሞኩ ጫፍ በፊት፣ ማሰሪያው ላይ አንድ ቁራጭ የጥጥ ክር እሰሩ፤ ውሃው ክሩ ላይ ሲደርስ መንገዱን ይቀይርና ወደ መሬት ይንጠባጠባል። አጎበሩንም አትርሱ። ጁን ላይ የዚህ አገር ቢምቢ የሚቀለድበት አይደለም፤ ቀዳዳው ደቂቅ የሆነውን መረብ መግዛት ይሻላል፣ ከቢምቢ የሚያንሱ ተናካሾችም አሉና።

ወደ ታንኳው ስንመለስ፣ መቅዘፊያ ከፈለጋችሁ ወንበር ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ከመቀመጫው እስከ አፍንጫችሁ ያለው ርቀት የመያዣው እንጨት ልክ ነው፣ ሰሌዳው ከዚያ በታች ይጨመራል። አንገቱ የታጠፈው መቅዘፊያ የሚኒሶታው ጂን ጄንሰን ሥራ ነው፤ በቅዝፈቱ መጨረሻ ላይ ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ጉልበታችሁ ውሃ በማንሳት አይባክንም። የእንጨት ሥራ የምትወዱ ከአንድ ቼሪ ሳንቃ ቀጥ ያለውን ልትቀርጹ ትችላላችሁ። ስታጠናቅቁ ሰሌዳውን ቫርኒሽ ቀቡ፣ እጅ የሚይዝበትን ግን በዘይት ብቻ ተዉት፤ ቫርኒሽ መዳፍ ያቆስላል።

ቦርሳው የብረት ደጋፊ የሌለው ለስላሳ ይሁን። ካሚል ፖይሪዬ የሚባል ሰው ዱሉዝ ከተማ ውስጥ በ1882 የባለቤትነት መብት ያወጣበት የሸራ ቦርሳ ዛሬም በዚያው ቅርጽ ይሸጣል፤ ታንኳው ሆድ ውስጥ ጋደም ስለሚል ነው። ውስጡን በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ልበጡት። ምግብ በቆርቆሮና በጠርሙስ ማስገባት ክልክል ነው፤ ለእኛ ሰው ይህ ችግር አይደለም። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ በከረጢት የተቋጠረ ሽሮ፤ ከዚህ የተሻለ የታንኳ ስንቅ ማንም አልሠራም። ጀበና ግን እቤት ይቅር። ማታ ምግቡ ድብ የማይከፍተው ዕቃ ውስጥ ይገባል፣ ወይም ከመሬት ወደ አራት ሜትር፣ ከግንዱ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ይሰቀላል።

ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ለሚያድሩ የሚሰጠው የመግቢያ ፈቃድ በኮታ ነው፣ ሽሚያው የሚጀምረው በጃንዋሪ መጨረሻ ነው። በአንድ ቡድን ከዘጠኝ ሰውና ከአራት ታንኳ በላይ አይፈቀድም። ፈቃዱን ካወጣችሁ እስከ ሜይ ሦስት ወር በረዶ ይቀራችኋል፤ ለስፌቱ ከበቂ በላይ ነው። ጨርቁን አሁኑኑ እዘዙ፣ ሃሞኩን በመጀመሪያ ስፉ፣ የሥር ብርድ ልብሱን ቀጥሎ። በረዶው ሲለቅ አቅራቢያችሁ ያለው መናፈሻ ዛፍ ላይ ማሰር የሚፈቅድ መሆኑን ጠይቃችሁ፣ ዝቅ አድርጋችሁ ሰቅላችሁ፣ መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡበት።